የወጣቶች አገልጋይ ሚስቶች፣ እንዴት ነው የምታርፉት?

ደከመኝ ሰለቸኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:50

ሰላም እህቶች። ወንድሞችም ካላችሁ ሰላም ለእናንተም።

ባለቤቴ የሙሉ ጊዜ የወጣቶች አገልጋይ ነው። አዲስ አበባ ነው ያለነው። ቤተ ክርስቲያኑን አልጠራም፣ ምክንያቱ ይገባችኋል። እኔ ባንክ ነው የምሠራው፣ ቴለር ነኝ። ገና ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ አለችን።

ሳምንታችን ይህን ይመስላል። ረቡዕ የመሪዎች ስብሰባ አለ። ዓርብ አንዳንዴ የአዳር ጸሎት ይኖራል። ቅዳሜ ከሰዓት የወጣቶች ፕሮግራም ነው። እሁድ ያው እሁድ ነው። ሰኞ «የአገልጋዮች የዕረፍት ቀን» ይባላል። ሰኞ ግን እኔ መስኮት ላይ ተቀምጬ ብር እቆጥራለሁ። ቅዳሜም ባንክ ክፍት ነው። እሱ ሲያርፍ እኔ የለሁም፣ እኔ ሳርፍ እሱ የለም።

ቤታችን ደግሞ አለላችሁ። ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ ይሄ ይሰመርበት። ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በር ይንኳኳል። ከፍቅረኛዋ የተለያየች ትመጣለች። ከአባቱ የተጣላ ይመጣል። «ጋሼ አለ?» ይላሉ። ሽሮ ይሠራል፣ ዕቃ ይታጠባል። ባለቤቴ ሳሎን እየጸለየላቸው እኔ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ከኩሽና «አሜን» እላለሁ። መኝታ ቤት እንዳልገባ የሳሎኑ ድምፅ ሁሉ ይሰማል። ጓዳ ልሂድ እንዳልል ጓዳ የለንም።

ባለፈው እሁድ አንዲት እናት አቀፉኝና «ለምን ኳየር አትገቢም? የአገልጋይ ሚስት እኮ ነሽ» አሉኝ። ፈገግ አልኩ። ከዛ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደግሞ ድምፄ አያምርም!

«ጸልዪ» አትበሉኝ፣ እጸልያለሁ። «ሁሉም ለበጎ ነው» አትበሉኝ፣ አውቃለሁ። የምጠይቀው በተግባር ነው። መቼ ነው የምታርፉት? እናንተን ማን ያበረታታችኋል?

የጀሞዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:15

እህቴ፣ እኔ የጻፍኩት ነው የመሰለኝ። ሽንት ቤቱ ጭምር።

የእኔ ችግር የምነግረው ሰው ማጣት ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት እህት «በጣም ደክሞኛል» አልኳት። እንዲሁ፣ እንደ ጓደኛ። በሳምንቱ የሴቶች ጸሎት ላይ «የአገልጋያችንን ቤት ጠላት ሊነካ ተነሥቷልና በአንድ ልብ እንጸልይ» ተባለ። እኔ እዛው ቁጭ ብያለሁ። አብሬ ጸለይኩ፣ ምን ላድርግ!

ከዛ ወዲህ «እንዴት ነሽ?» ስባል መልሴ «ጌታ ይመስገን» ብቻ ነው። አንዳችን አፍ ከከፈትን የጸሎት ርዕስ ሆነን ነው የምናድረው።

እውነቱ ይነገር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ትውልድ ማማረር ይወዳል። ስታገቢው አገልጋይ መሆኑን አታውቂም ነበር? የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ገደማ ታስረው ተሰቃዩ። እነሱ «መቼ ነው የማርፈው» አላሉም። አባቶችና እናቶች ዋጋ ከፍለው ያቆዩልንን ወንጌል እኛ በሽሮና በዕቃ አጠባ እናማርራለን። ጌታ ልቦና ይስጠን።

እትዬ ከወለጋ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:40

ልጄ «እውነቱ ይነገር»፣ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛልና ልመልስልህ። ስልኩን የያዘችልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ቄስ ጉዲና የተወሰዱት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። ያን ወሬ ስንሰማ የት እንደነበርኩ ዛሬም አልረሳውም። ወይዘሮ ፀሐይን ያሰረው ግን ደርግ ነው። የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም አይደለም። የነሱን መከራ አንሥተህ ሕፃን ያዘለችን ልጅ አትምታበት። እሳቸው ያን ሁሉ የተሸከሙት ለሌላዋ ሴት አለንጋ እንዲሆን አይመስለኝም።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ ቤት ለቤት ነበር የምንሰበሰበው። ሁልጊዜ አንድ ቤት አንሄድም ነበር፣ ይነቃብናላ። ዛሬ እዚህ ከሆነ በሚቀጥለው ሌላ ቤት ነው። ቆሎ የምታመጣው ሌላ፣ በር ላይ የሚቀመጠው ሌላ፣ ልጆቹን የምትይዘው ሌላ። አገልጋዩ እንግዳ ሆኖ ይመጣል እንጂ ሚስቱ የሁላችንም አስተናጋጅ አልነበረችም። ፍርሃቱ ከባድ ነበር። ሥራው ግን የሁላችን ነበር። አሁን ነፃነት ሲመጣ ሁሉ ነገር አንዲት ሴት ኩሽና ውስጥ ገባ።

አንቺ ልጄ፣ አይዞሽ። ኳየሩን ተይው። ልጅሽን አጥቢ።

ነርሷ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:05

እትዬ፣ እጅዎን ስሜያለሁ።

ደከመኝ ሰለቸኝ፣ እኔ ከሙያዬ አንጻር ልጠይቅሽ። ልጅሽ ስትተኛ አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል? ወይስ ተኝታም አይንሽ ፈጦ ያድራል? ምግብ ይጥምሻል? ድሮ የሚያስደስትሽ ነገር አሁንም ያስደስትሻል? ያለቀስሽው በአንድ ቀን ንግግር ነው ወይስ ዕለት ዕለት ነው?

የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ ብዙ እናቶች ላይ ይታያል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዛ አልፎ ከቆየ ወይም ከወራት በኋላ ከመጣ ግን ሕክምና የሚፈልግ ድብርት ሊሆን ይችላል። በምዕመናን ዘንድ ይሄ ቶሎ «መንፈስ ነው» ይባልና ሴትዮዋ ከፕሮግራም ፕሮግራም ትዞራለች። ጸሎቱ ይቀጥል፣ ሐኪምም ይታይ። አማኑኤል ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ልጅሽን ለክትባት ስትወስጂ ጤና ጣቢያ ያለችዋን ባለሙያም መጠየቅ ትችያለሽ።

ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ አንድ ቀን አታሳድሪ። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂጂ።

ደከመኝ ሰለቸኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:30

ሁላችሁም ተባረኩ። እትዬ፣ መልእክትዎን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሁለተኛ እንዳነብለት ጠየቀኝ።

ነርሷ፣ ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። እንቅልፍማ ቢገኝ ቆሜም እተኛለሁ። እበላለሁ፣ እስቃለሁ። የኔ ድካም የእግር፣ የጀርባና የሰው ብዛት ድካም ይመስለኛል። ቢሆንም በክትባት ቀጠሮዬ እጠይቃለሁ።

«እውነቱ ይነገር»፣ አገልጋይ መሆኑን አውቄ ነው ያገባሁት። የወደድኩትም ሲያገለግል አይቼ ነው። ጥያቄዬ ስለ ዕረፍት እንጂ ስለ ትዳሬ አይደለም።

የሐዋሳው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:10

እኔ ራሴ የወጣቶች አገልጋይ ነኝ። ባለቤቴን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው (አንብባ ሁለት ቦታ አስተካክላለች)።

የወጣት አገልግሎት ከሌላው የሚለይበትን ልናገር። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ችግሩን የሚያመጣ ትልቅ ሰው ቀጠሮ ይይዛል። ወጣት ቀጠሮ የለውም። ሆዱ የሚብሰው ማታ ነው፣ የሚደውለውም ማታ ነው። ሌላው ሰው ክረምት ሲመጣ ያርፋል። እኛ ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው ሥራችን የሚጀምረው። ኮንፈረንስ፣ የወንጌል ጉዞ፣ ሪትሪት፣ ሁሉም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይከመራል።

ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ታስታውሳላችሁ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሰጠበት ነው። ከመቶ ተፈታኝ 50 እና በላይ ያመጣው 3 ገደማ ብቻ ነበር። ያን ምሽት ቤታችን ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። አንዷ ልጅ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ መሬት ላይ ተኝታ ታለቅስ ነበር። እናቷ ትደውላለች፣ ልጅቷ አታነሣም። እኔ ከወንዶቹ ጋር ሳሎን ነኝ። ልጅቷን አቅፋ ያደረችው ባለቤቴ ናት። ጠዋት ሥራ ገባች። በሚቀጥለው እሁድ መድረክ ላይ የተመሰገንኩት እኔ ነኝ።

ከዛ በኋላ ያደረግነው ይሄ ነው። ስድስት ባለ ትዳሮችን ከምዕመናን መረጥን። በየሳምንቱ ሁለት ቤት ተረኛ ነው። ማታ የሚመጣ ወጣት ወደ ተረኛው ቤት ይሄዳል። ለወጣቶቹ በቴሌግራም ግሩፓችን የሳምንቱ ተረኛ ይለጠፋል። ስልኬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ለተረኞቹ ብቻ ነው የሚጠራው። የሞት የሽረት ነገር ከሆነ እነሱ ይደውሉልኛል። በመጀመሪያ አኩርፈው የነበሩ ልጆች አሉ። «ጋሼ ተለወጠ» ተባለ። አሁን አንዳንዶቹ ከእኛ ቤት ይልቅ የሚመርጡት ቤት አግኝተዋል፣ ለዚያውም ዶሮ የሚሠራበት።

የጀሞዋ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:25

ወንድሜ፣ ባለቤትህ የትኞቹን ሁለት ቦታዎች እንዳስተካከለች ማወቅ እፈልጋለሁ 😄

የሐዋሳው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:31

«ቤታችን ጠበበን» የሚለውን «ቤቴ ጠበበኝ» አድርገው አለችኝ፣ ጨርሶ አወጣሁት። ሁለተኛው ምሥጢር ነው።

ከቨርጂኒያ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12:15

እዚህ አሜሪካም ያው ነው፣ መልኩ ይለያል እንጂ። የእኛ ወጣቶች እንግሊዝኛ ነው የሚናገሩት፣ ወላጆቻቸው አማርኛ። ባለቤቴ መሀል ላይ ነው። ልጁ «ወላጆቼ አይገባቸውም» ይለዋል፣ ወላጆቹ «ልጃችንን ምከርልን» ይሉታል። እኔ ደግሞ ሹፌር ነኝ። ዓርብ ማታ ስምንት ልጆች በሚኒቫን ሰብስቤ አመጣለሁ፣ እመልሳለሁ። ወላጆች ሁለተኛ ሥራ ላይ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ማታ በር የሚያንኳኳ የለም፣ ግን መልእክት ሌሊቱን ሙሉ ይገባል።

የጀሞዋ ያነሣችው የጓደኛ ጉዳይ ላይ ልምዴን ላካፍል። እኔን ያሳረፈችኝ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለች ሴት ናት። አናንዴል አካባቢ የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሚስት ናት። ልጆቻችን አንድ ክፍል ስለሆኑ ነው የተዋወቅነው። ቅዳሜ ጠዋት አብረን በእግር እንሄዳለን። የእኔን ሰዎች አንዱንም አታውቅም። «እገሌ እንዲህ አለኝ» ብላት እገሌ ማን እንደሆነ ግድ አይሰጣትም። እሷም ስለ ኪምቺ ዝግጅት ስታማርር እሰማታለሁ። ለካ እነሱም ከፕሮግራም በኋላ ምሳ ያበላሉ፣ ዕቃውን የሚያጥበውም የታወቀ ነው! ስለ ባሎቻችን ሐሜት የለም፣ ማለቴ... ትንሽ አለ።

ምክሬ አጭር ነው። ባልሽ መጋቢዋ ያልሆነ ጓደኛ ፈልጊ።

ጡረተኛው መጋቢ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9:00

ሰላም ለሁላችሁ። ከ30 ዓመት በላይ በአገልግሎት ቆይቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ።

ዘጸአት 18ን ሁላችንም ለመሪነት ሥልጠና እናስተምረዋለን። የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ። ግን የምዕራፉን መጀመሪያ ቶሎ እናልፈዋለን። ዮቶር ወደ ሙሴ የመጣው ብቻውን አይደለም። የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ልጆቿን፣ ጌርሳምንና አልዓዛርን፣ ይዞ ነው የመጣው። ሙሴ ከዚያ በፊት ሰድዷት ነበር ይላል። እንግዲህ አስቡት። ቤተሰቡ ከስንት ጊዜ በኋላ ተገናኘ። በማግሥቱ ሙሴ ምን አደረገ? ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሊፈርድ ተቀመጠ። አማቱ ይሄን አየ። «የምታደርገው ይህ ነገር መልካም አይደለም» ያለው ያን ቀን ነው። ዮቶር ምን አስቦ እንደተናገረ ምዕራፉ አይነግረንም። እኔ ግን የሴት ልጅ አባት ነኝና ልጁ ድንኳን ውስጥ ብቻዋን መቀመጧን ያላየ አይመስለኝም።

ይሄን ያነሣሁት ለሽማግሌዎች ነው። ሸክሙን ለማካፈል የግድ አገልጋዩ እስኪወድቅ አትጠብቁ።

ሌላው ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። የአገልጋይ ሚስት መጋቢዋ ማን ነው? ሌላዋ ሴት ከባሏ ጋር ስትጋጭ ወደ መጋቢ ትሄዳለች። የአገልጋይ ሚስት ብትሄድ መጋቢው እሱ ራሱ ነው፣ ወይም የእሱ አለቃ ነው። ብትናገር የባሏን እንጀራ የምትነካ ይመስላታል። ስለዚህ ዝም ትላለች። እኔ ባገለገልኩበት አጥቢያ ያደረግነው ከሌላ አጥቢያ አንድ የበሰሉ ባልና ሚስት መመደብ ነው። እነሱ ለሽማግሌዎች ሪፖርት አያደርጉም። የሚስቲቱን ቃል ለባሏም አያደርሱም፣ እሷ ካልፈቀደች። በጀት አይጠይቅም። ፈቃደኝነት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ስለ በጀት ካነሣን ግን፣ የእንግዳ ወጪ ይመደብላቸው። ወጣቱ የሚበላው ሽሮ ከአገልጋዩ ደመወዝ ነው የሚወጣው፣ ደመወዙን ደግሞ እናውቀዋለን።

እውነቱ ይነገር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10:30

መጋቢ፣ የእርስዎን አከብራለሁ። ነገር ግን «ተመድቦ» «ተመርጦ» ሲባል አገልግሎት ወደ መሥሪያ ቤት አሠራር እየገባ ነው። በር መዝጋት ከተጀመረ የት ይቆማል? ያን ምሽት የመጣው ልጅ ቢጠፋስ?

ጡረተኛው መጋቢ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 11:10

ጥያቄህ ተገቢ ነው ወንድሜ። ለዚህ ነው ሐዋሳ ያለው ወንድም በር ዘጋ ያላለው። ሌላ በር ነው የተከፈተው። ልጁ አንድ ቤት ብቻ ካወቀ፣ ያ አገልጋይ የታመመ ወይም የተዛወረ ቀን ይጠፋል። እንዲህ የጠፉ አውቃለሁ።

የሰንበቴ ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:45

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ቤቱን ከፈቀዳችሁልኝ ልግባ። ባለቤቴ ዲያቆን ነው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ያስተምራል። ስታነቡት የእኔም ሕይወት ነው። ለክብረ በዓል ሰሞን መዝሙር ጥናት ብሎ እኩለ ሌሊት ነው የሚገባው። የጥምቀት ሰሞንማ አይጠየቅም፣ ምንጣፉ፣ ሰንደቁ፣ ታቦት ማጀቡ። እኔ ነጠላ ሳጥብ ነው የማሳልፈው።

የሚያሳርፈኝ ማኅበራችን ነው። በየወሩ በ21 የማርያም ጽዋ አለን። የምንሰበሰበው ሴቶች ነን፣ ግማሾቹ የሰፈር፣ ግማሾቹ የመሥሪያ ቤት። ተራዋ የደረሰ ታዘጋጃለች። የሌሎቻችን ሥራ መቀመጥ ነው። ጠላው ይመጣልሻል፣ ዳቦው ይመጣልሻል፣ ውሃ እንኳ ለመቅዳት ብትነሺ «ተቀመጪ!» ይሉሻል። እኔ በወር ውስጥ ሰው የሚያስተናግደኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እዛ የዲያቆን ሚስት አይደለሁም። የእገሊት ልጅ ነኝ። ባሌን «ማነው እሱ?» የሚሉ አሮጊቶች አሉ።

እናንተ ጽዋ ላይኖራችሁ ይችላል። ግን ተራ ገብቶ መቀመጥ የሃይማኖት ልዩነት ያለው አይመስለኝም።

ጠባቂው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:20

ይቅርታ፣ እዚህ መድረክ ላይ ስለ ጠላና ስለ ጽዋ...

አወያይ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:26

«ጠባቂው»፣ የአስተምህሮ ክርክር ሌላ ክፍል አለው፣ እዛ ክፈት። የሰንበቴ ልጅ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ክሩ ስለ ዕረፍት ነው፣ እንቀጥል።

ነርሷ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:40

የሰንበቴ ልጅ፣ «ውሃ ለመቅዳት ብትነሺ ተቀመጪ ይሉሻል» ያልሽው ላይ ስደርስ ቀናሁ። ከባለቤቴ ቤተሰብ በቀር ማንም «ተቀመጪ» ብሎኝ አያውቅም። እነሱም አይሉኝም።

የጀሞዋ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:52

ሐሳብ መጣልኝ። አዲስ አበባ ያለን ለምን በወር አንዴ አንገናኝም? የተለያየ ቤተ ክርስቲያን ሚስቶች። ጠላውን በሻይ እንቀይረው። ሕግ አንድ፦ ማንም የማንንም ነገር የጸሎት ርዕስ አያደርግም። ካልተጠየቀ በቀር።

እትዬ ከወለጋ | ዓርብ፣ ከቀኑ 5:00

ሕግ ሁለት ጨምሩ። ምግብ አምጥታ የምትመጣ ትመለስ። አለዚያ እርስ በርስ መወዳደር ትጀምራላችሁ። አውቃችኋለሁ።

ልጄ ደከመኝ ሰለቸኝ፣ ኤልያስን አስቢው። ሞት ለምኖ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኛ። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም። «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፣ ያኔም የያዘው እንጎቻና ውሃ ነው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ» የሚለው ጥያቄ የመጣው ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። አንቺ ገና ዛፉ ሥር ነሽ። የሚጠይቅሽ ሁሉ ቆይቶ ይጠይቅሽ።

ደከመኝ ሰለቸኝ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ፣ ከምሽቱ 3:00

ጠፋሁ አይደል? ይቅርታ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ የሆነውን ልጻፍ።

ባለቤቴ የሐዋሳውን ወንድም ጽሑፍና የመጋቢን ሐሳብ አትሞ ሽማግሌዎች ዘንድ ይዞ ሄደ። የተረኛ ቤት ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ግን ለጊዜው የተገኙት ሁለት ባለ ትዳሮች ብቻ ናቸው። የእንግዳ ወጪው «በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» ተብሏል። ይህን ዓረፍተ ነገር ባንክም ውስጥ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ተስፋ አላደረግኩም።

ሐሙስ ማታ የእኛ ሆነ። ሰኞ ለእኔ ስለማይሆን ሐሙስን መረጥን። ለወጣቶቹ ተነገራቸው። የመጀመሪያው ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር ተንኳኳ! ባለቤቴ ከፈተ። አንድ ልጅ ነው፣ «ዛሬ ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ፣ ይቺን ላድርስ ብዬ ነው» ብሎ ፌስታል ሰጥቶት ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። ሙዝ ነው። እናቱ የላከችልኝ። አሳቁኝ እነዚህ ልጆች።

ሐሙስ ምን እንደምናደርግ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ምንም። ልጅቷ ትተኛለች። እኛ ከሆቴል የመጣ ጥብስ እንበላለን፣ ገንዘብ ካለ። ከሌለ የማክሰኞውን ሽሮ አሙቀን እንበላለን። ሁለተኛው ሐሙስ ላይ ተጣላን። ለካ ለመጣላት እንኳ ጊዜ አልነበረንም! የተጠራቀመ ነበር። ስለ እናቱ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ስልኩ። እስከ አምስት ሰዓት አወራን።

ከሌላ አጥቢያ የሚመደቡት ባልና ሚስት ጉዳይ ገና ነው። ሽማግሌዎቹ «ለምን ከሌላ አጥቢያ?» እያሉ ነው። መጋቢ፣ በዚህ ላይ ሌላ ምክር ካለዎት እባክዎ።

ኳየሩን ለጠየቁኝ እናት «እሱ የእኔ ስጦታ አይደለም እማዬ፣ ልጆቹ ሲመጡ ቡና ላፍላ እንጂ» አልኳቸው። «ታዲያ ቡና ሲፈላ ጥሪኝ፣ እኔ ልቁላልሽ» አሉኝ። ሴትዮዋ ለካ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቅዳሜ መጥተው ልጄን አዝለው ሲዘምሩ ዋሉ። ድምፃቸው ከእኔም ይብሳል።

ክትባት ስወስዳት ጤና ጣቢያ ጠየቅኩ፣ ነርሷ። ብዙ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ደም ማነስም አገኙብኝ። አይረን እየወሰድኩ ነው።

ነርሷ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3:12

ጎበዝ! አይረኑን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰጂው፣ ሰውነትሽ በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። ብርቱካን ካገኘሽ ከሱ ጋር ጥሩ ነው። ሆድ ድርቀት ካስቸገረሽ ግን ሳታቋርጪ ተመልሰሽ ጠይቂያቸው።

ጡረተኛው መጋቢ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3:40

ልጄ፣ ሽማግሌዎቹን እንዲህ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ «የእናንተ ሚስት ስለ እናንተ የምትናገረውን ከዚሁ ጉባኤ ማን እንዲሰማባችሁ ትፈልጋላችሁ?» ዝም ሲሉ ሐሳቡን ድገሙላቸው።

የሐዋሳው | እሁድ፣ ከምሽቱ 3:44

መጋቢ 😂 ይህን ነገ ሰኞ ስብሰባ ላይ እጠቀምበታለሁ።

ከቨርጂኒያ | እሁድ፣ ከምሽቱ 4:30

የተጣላችሁበትን ሐሙስ እንደ ድል ቁጠሪው። ሙዙንም።

የጀሞዋ | እሁድ፣ ከምሽቱ 4:41

የወሩ መገናኛችን የሚቀጥለው እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። እስካሁን ስድስት ሆነናል። ቦታውን በውስጥ መስመር እልካለሁ፣ እዚህ አልጽፍም። የሰንበቴ ልጅም ትመጣለች። የእትዬ ሕግ ጸንቷል፣ ምግብ ይዞ መምጣት ክልክል ነው።

ደከመኝ ሰለቸኝ | እሁድ፣ ከምሽቱ 4:44

ልጅ ይዞ መምጣትስ?

የጀሞዋ | እሁድ፣ ከምሽቱ 4:46

ይቻላል። ባል ይዞ መምጣት ነው የማይቻለው።